የዓለም ታሪክ በየት በኩል ጎንደር ገባ?

«ይድረስ ለጋሼ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ዕድሜዬ 33 ነው፤ አራዳ ገበያ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። በልጅነቴ ያቋረጥኩትን ትምህርት በማታ ቀጥዬ፣ እግዜር ይመስገን፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ደርሻለሁ። ጂኦግራፊውም ኢኮኖሚክሱም ይገባኛል። ታሪክ ግን፣ በተለይ የዓለሙ፣ አስለቀሰኝ። በግራ ስም፣ በቀኝ ዓመት እየጻፍኩ አንድ ደብተር ሞልቻለሁ። ማታ ስሸመድደው ያመሸሁት ጠዋት ሱቅ ስከፍት የለም። ጋሪባልዲና ቢስማርክ ይምታቱብኛል። ‹ኢምፔሪያሊዝም›፣ ‹የጋራ ደህንነት› የሚሉትን ትርጉማቸውን እንደ ዳዊት እደግማለሁ፤ ጥያቄው ትንሽ ጠምዘዝ ሲል ግን ይጠፋብኛል። ዓመቱማ የእኛና የፈረንጁ እየተደባለቀ ራሴን አዞረው። ባለቤቴ ‹ናፖሊዮን ሱቅ አይከፍትልሽ!› እያለ ይስቅብኛል። የባሰው ግን 7ኛ ክፍል የምትማር ልጄ ፊት ማፈሬ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ‹የጃፓኑን ምዕራፍ ዝለዪው፣ ጥያቄው ከአውሮፓው ነው የሚወጣው› ይሉኛል። የቱን ይዤ የቱን ልተው?

የማታ ተማሪዋ፣ ከአራዳ»

እህቴ፣

ጭንቅላትሽ አልዛገም። ያን ደብተር የ18 ዓመት ልጅ ቢሸመድደውም ያው ነው፤ እሱም ጠዋት ባዶ እጁን ነው የሚነሳው። ብዙ ዓመት ታሪክ ሳስተምር እንዲህ ዓይነት ደብተር የያዘ ተማሪ ሞልቶ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ከክፍሉ ትጉ የሚባለው ነው። ችግሩ ስምና ዓመት ለብቻቸው ሲቆሙ የሚይዛቸው ነገር አለመኖሩ ነው። የሰፈርሽን ሰው ነገር አስቢ። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ለማን ተዋሰ፣ በማን ሰርግ ምን ተባለ ብትባዪ ሳትሸመድጂ ትዘረግፊዋለሽ፤ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋልና። ታሪክም ያው ጠብ፣ ዕዳና ውርስ ነው። ከደብተርሽ የጎደለው ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ነው።

የመማሪያ መጽሐፎቻችንም አያግዙሽም። የዓለሙ ታሪክ በአንድ ምዕራፍ፣ የኢትዮጵያው በሌላ ይቀመጣል፤ የበርሊን ጉባኤና አድዋ የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የዓለም ታሪክ ጎንደር ድረስ በእግሩ መጥቷል፣ ያውም ብዙ ጊዜ። እኔ የምመክርሽ ከደረሰበት ጀምረሽ ወደ መጣበት እንድትከተይው ነው። መድረሻውን በየቀኑ ስለምታዪው አይጠፋብሽም።

በምትሸጪው በጥጥ እንጀምር። (ካልነገርኩሽ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ኋላ እመለስበታለሁ።)

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ጥጥ በእጅ መፍተል ትተው በመኪና መፍተል ጀመሩ። ጄምስ ዋት አሻሽሎ ለሠራው የእንፋሎት ሞተር የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1769 ነው፤ እያደር ሞተሩ የጥጥ ፋብሪካ ማንቀሳቀሻ ሆነ። የኢንዱስትሪ አብዮት የምትዪው እንግዲህ ይሄ ነው። የፋብሪካዎቹ ሆድ ግን የሚሞላው ከአሜሪካ ደቡብ፣ በባሪያ ጉልበት ከሚለቀም ጥጥ ነበር። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣና አብርሃም ሊንከን የደቡቡን ወደቦች በጦር መርከብ ዘጋ። እንግሊዝ ጥጥ አጣች፤ ዋጋው ሰማይ ነካ። ታዲያ ማን በለጸገ? ጥጥ የምታመርተው ግብፅ!

በ1863 ግብፅ ላይ የተቀመጠው ኬዲቭ እስማኤል ገንዘቡ ሲጎርፍለት አገሩን በአንድ ጀምበር አውሮፓ ሊያደርጋት ተነሣ። ባቡር፣ ቤተ መንግሥት፣ ጦር ሠራዊት፤ ሁሉንም ከአውሮፓ ባንኮች እየተበደረ። በ1865 የአሜሪካው ጦርነት ሲያበቃ የጥጡ ዋጋ ወረደ፤ ዕዳው ግን መቆለሉን ቀጠለ። በ1869 ስዌዝ ካናል በታላቅ ድግስ ተመረቀ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1875፣ ኬዲቩ በካናሉ ላይ የነበረውን ድርሻ ለእንግሊዝ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። የገዛው የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝራኤሊ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ እስማኤል ጦሩን ወደ እኛ ሰደደ። አፄ ዮሐንስ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራዕ ላይ ድል አደረጉት። ዕዳ ላይ ሽንፈት ሲጨመር ምን እንደሚሆን አንቺ ነጋዴ ዘንድ ስለምትውዪ አይጠፋሽም፤ በ1876 ግብፅ ከሰረች፤ በ1879 እስማኤል ወረደ፤ የውጭ አበዳሪ ያስመረረው የጦር መኮንን አሕመድ ዑራቢ አመፀ፤ በ1882 እንግሊዝ ካናሏንና ገንዘቧን ላድን ብላ ግብፅን ያዘች።

ኢምፔሪያሊዝም የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ጻፊው። ትርጉሙን አይደለም፤ ይህን ታሪክ። ብድር ቀደመ፣ ጦር ተከተለ፣ አገር ተያዘ። ጥያቄው በየት በኩል ቢጠመዘዝ መልሱ ከዚህ አይርቅም።

ገና ጎንደር አልደረስንም። ግብፅ ስትዳከም በእሷ ሥር የነበረው ሱዳን ተነሣ። በ1881 ሙሐመድ አሕመድ የሚባል ሰው «መህዲው እኔ ነኝ» አለ፤ ተከታዮቹን እኛ ድርቡሽ እንላቸዋለን። እንግሊዝ አሁን የግብፅ ጌታ ናትና የግብፅ ወታደሮች በሱዳን ከተሞች ሲከበቡ ጭንቁ የእሷ ሆነ። በ1884 አድዋ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር፣ በመልክተኛዋ በአድሚራል ሂወት ስም፣ የሂወት ውል የሚባለውን ተዋዋለች። ንጉሠ ነገሥቱ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ሊረዱ፣ በምላሹ ግብፅ ይዛው የነበረው የቦጎስ አገር ሊመለስላቸውና በምፅዋ በኩል ዕቃ ያለ ቀረጥ ሊያስገቡ። ዮሐንስ ቃላቸውን ፈጸሙ። በ1885 መጀመሪያ ካርቱም ወድቃ ከተማዋን ይከላከል የነበረው እንግሊዛዊ ጄኔራል ጎርደን ተገደለ። በዚያው ሰሞን፣ አውሮፓውያን አፍሪካን ስለመቀራመት የመከሩበት፣ የጀርመኑ ቢስማርክ የጠራው የበርሊን ጉባኤ ገና ሳይበተን፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምፅዋን ያዘች። ኢትዮጵያ እንግሊዝን ስትረዳ ከድርቡሽ ጋር ደም ተቃባች፤ ወሮታው ደግሞ ጣሊያን በደጇ መቀመጡ ሆነ።

በ1888 መጀመሪያ ድርቡሽ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ለአንቺ አልነግርሽም። የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተቃጠለ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ አዳነው የሚባለውን ጭምር፣ ከአያቶችሽ ሰምተሻል። በ1889 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር ውጫሌ ላይ ተፈራረሙ። ከውጫሌ ወደ አድዋ ያለውን መንገድ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

እስቲ አሁን ወደ ኋላ ቁጠሪ። ዋት፣ ሊንከን፣ እስማኤል፣ ዲዝራኤሊ፣ ዑራቢ፣ መህዲ፣ ጎርደን፣ ቢስማርክ፣ ዮሐንስ። በደብተርሽ ዘጠኝ መስመር ናቸው፤ እዚህ ግን አንድ ወሬ ናቸው። አንዱ ቢጠፋብሽ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ይመልሱልሻል።

ይህን ወሬ ለልጅሽ ንገሪያት። ጥናት ብዬ የምልሽ ይሄን ነው። ማታ ራት ከበላችሁ በኋላ ደብተሩን ዘግተሽ ከጥጡ እስከ መተማ አውሪያት። እሷ ሁለት ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ፤ «ከዚያስ?» እና «ለምን?»። ለምሳሌ «እስማኤል ካናሉን ለምን ሸጠው?» ብላሽ ምላስሽ ከታሰረ፣ በቃ፣ የምታነቢው ቦታ እሱ ነው፤ እሱን ብቻ አንብበሽ ተመለሺ። በማግስቱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ገዢ በሌለበት ሰዓት ወረቀት ላይ ስሞቹን ከቀስት ጋር ጻፊና ማታ ከደብተሩ ጋር አመሳክሪው። ሦስት ቀን ቆይተሽ ድገሚው፤ ከሳምንት በኋላ አንዴ። ማንበብና ማስታወስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንቺ ማታ ማታ ያነበብሽው ደጋግመሽ ነው፤ ያስታወስሽው ግን ፈተና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

ልጅሽ ፊት ስለማፈርሽ ብዙ አልልሽም። እናቷን የምትፈትን ልጅ 12ኛ ክፍል ስትደርስ የሂወትን ውል ከአስተማሪዋ ቀድማ ታውቀዋለች።

ወደ ቃላቱ ልምጣ። አንቺን የሚያስቸግርሽ ቃላቱ በእንግሊዝኛ መምጣታቸው ጭምር እንደሆነ እገምታለሁ፤ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነውና። ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን በአማርኛ ጨርሺው፤ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ቃል ከነፊደሉ ከሁነቱ አጠገብ ጻፊው። በእንግሊዝኛ የተሸመደደ ትርጓሜ ጥያቄው ላይ አንድ ቃል ሲቀየር ይፈርሳል።

ለቃላቱ ፒያሳ ውጪ። ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ያ ሁሉ ኮንክሪት ለምን ጎንደር ላይ እንደፈሰሰ ጠይቂ። የሠራው የሙሶሊኒ መንግሥት ነው። ሙሶሊኒ በ1922 ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን ወደ ሮም አዝምቶ ሥልጣን ያዘ፤ ሌላ ፓርቲ አጠፋ፣ ጋዜጣ ዘጋ፣ የሮማን ግዛት እመልሳለሁ አለ። ፋሺዝም ማለት ይሄ ነው። በ1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወድቆ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዓለምን ሲያጠቃ እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ቤት ማዳን ያዘ፤ ለሌላው የሚቆረቆር ጠፋ። በ1934 መጨረሻ ወልወል ላይ ግጭት ተፈጠረ። ይህ ሰበብ እንጂ ምክንያት አይደለም፤ ፈታኞች ይህችን ልዩነት እንደ ነፍሳቸው ይወዷታል። በ1914 የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ሳራዬቮ ላይ መገደሉም እንደዚሁ ሰበብ ነው፤ ምክንያቱ ከዚያ በፊት የተቆላለፈው የጦር ቃል ኪዳንና የመሣሪያ ፉክክር ነው።

በ1935 ጣሊያን ወረረን። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ነበረች፤ የማኅበሩም መሠረት «አንዱ ሲጠቃ ሁሉም እንደተጠቃ ይቆጥራል» የሚል ነው። የጋራ ደህንነት ይሄ ነው። ማኅበሩ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን አልጨመረበትም። ስዌዝ ካናልም አልተዘጋም፤ ወራሪው ጦር ያለፈው በዚያው እስማኤል በሸጠው ካናል ነው። በዓመቱ መጨረሻ የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ኢትዮጵያን ቆርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት በጓዳ ሲመክሩ ተጋለጡ። ወራሪን ቁራሽ እየሰጡ ማባበል የሚባለው ፖሊሲ ይህ ነው፤ በ1938 ሙኒክ ላይ በቼኮዝሎቫኪያ ተደግሟል። አየሽ፣ ሁለት ቃላት በአንድ ታሪክ ተያዙ፤ አንዱ ቃል የተገባው፣ ሌላው የተፈጸመው። በ1936 ቀኃሥ ጄኔቭ ላይ ተናገሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ተነሣ።

የፒያሳው ታሪክ መዝጊያም ያው ጎንደር ላይ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻው ምሽግ ጎንደር ነበረች፤ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው በ1941 ኖቬምበር 27 ነው። ከዚያ አሥር ቀን ቆይቶ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበችና አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእናንተ ሰፈር ሲያበቃ ለአሜሪካ ገና መጀመሩ ነበር።

ጋሪባልዲና ቢስማርክ ስለተምታቱብሽ አልፈርድብሽም፤ ሁለቱም ያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተበታተነ አገር አንድ ሲሆን የነበሩ ናቸው። ሰውን በማዕረጉ አትያዢው፤ በሠራው ሥራ ያዢው። ማዚኒ ጻፈ፤ ጣሊያን አንድ ሪፐብሊክ ትሁን ብሎ ወጣቶችን በ1831 አደራጀ። ካቩር ተደራደረ፤ የፒድሞንት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ፈረንሳይን ከጎኑ አሰልፎ ኦስትሪያን ገፋ። ጋሪባልዲ ዘመተ፤ በ1860 ከሺህ ጥቂት በሚበልጡ ቀይ ሸሚዝ ለባሾች ሲሲሊ ላይ ወርዶ ደቡቡን በሙሉ ያዘና፣ የሚገርመው፣ ለንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል አስረከበ። ጸሐፊ፣ ተደራዳሪ፣ ዘማች። የጣሊያን መንግሥት በ1861 ታወጀ፤ ሮም የገባችው በ1870 ነው።

ቢስማርክ ግን ጀርመን ነው፤ ሥራውን ለሌላ ያላካፈለ ጌታ ነው ብትዪ ይቀልሻል፤ ማዚኒ በብዕር፣ ካቩር በድርድር፣ ጋሪባልዲ በዘመቻ የተከፋፈሉትን ሥራ እሱ ከአንድ ቢሮ ነው የመራው። ሦስት ጦርነት ቆጥሮ አካሄደ፤ በ1864 ዴንማርክን፣ በ1866 ኦስትሪያን፣ በ1870 ፈረንሳይን። በ1871 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የታወጀው በርሊን ውስጥ አይደለም፤ በተሸነፈችው ፈረንሳይ፣ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የመስተዋት አዳራሽ ውስጥ ነው። ፈረንሳይም ይህን አልረሳችም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ጀርመንን በ1919 አስጎንብሳ ያስፈረመቻት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ቀኑም ጁን 28፣ አልጋ ወራሹ ከተገደለ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ። ጀርመኖች ደግሞ በተራቸው አልረሱም፤ ሂትለር በ1933 ሥልጣን ላይ የወጣው ያን ውል እየረገመ ነው። አንዲቷን አዳራሽ ከያዝሽ 1871ን፣ 1919ንና 1933ን ይዘሻል።

ሁለቱም አገሮች ዘግይተው አንድ መሆናቸውን አትለፊው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሲሰበስቡ ጣሊያንና ጀርመን ገና ቤታቸውን እየሠሩ ነበር። ሮም በተያዘች በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በ1882፣ ጣሊያን አሰብን ከአንድ የመርከብ ኩባንያ ተረከበች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ምፅዋ። እንደገና የጥጡ ወሬ ላይ ወደቅን።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ መንገድ ሲጥምሽ ሁሉን ነገር ከሁሉ ለማያያዝ ይዳዳሻል። ዋት መብቱን ባገኘበት በ1769 ናፖሊዮን ተወለደ፤ በዚያው ዓመት እናንተው ከተማ ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገደለና ዘመነ መሳፍንት ተጀመረ። ሦስቱን በአንድ ዓመት መያዝ ለማስታወስ ግሩም ነው፤ ግን አንዱ ለሌላው ምክንያት አይደለም፣ አንዳቸውም ስለሌላው አልሰሙም። የፈረንሳይ አብዮትም በጎንደር በኩል አላለፈም። እሱን በቀጥታ በተራው መያዝ ነው፤ 1789 ባስቲል ተሰበረ፤ 1793 ሉዊ 16ኛ ተሰየፈ፤ 1794 አሰያፊው ሮቤስፒየር ራሱ ተሰየፈ፤ 1799 ናፖሊዮን ሥልጣን ያዘ፤ 1804 ዘውድ ጫነ፤ 1815 ዋተርሎ ላይ አበቃለት። ንጉሥ የገለበጠ ሕዝብ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ንጉሠ ነገሥት እንዴት ሊቀበል ቻለ? ይህን ጥያቄ መመለስ ከቻልሽ ምዕራፉ አልቋል። ባለቤትሽም ስለ ናፖሊዮን ከቀለደ እሱኑ ጠይቂው። ወይም የጥጡን ወሬ ራት ላይ ጀምሪለት፤ እስከ መተማ ድረስ ካዳመጠ ሁለተኛ ፈታኝ አገኘሽ፤ ካላዳመጠም ሳህኑን ያነሣል።

ለቤት ሥራ ደግሞ አምስት ቁጥር ልስጥሽ። 1517፣ ማርቲን ሉተር። 1540፣ የሮማው ጳጳስ ኢየሱሳውያንን ፈቀደ። 1622፣ አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ። 1632፣ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ»። 1636፣ ጎንደር ተቆረቆረች። በየመሃሉ ያለውን «ለምን» አንቺ ሙዪው። ከግራኝ ጦርነት በፊት ፖርቱጋሎች በ1498 ሕንድ መድረሳቸውን ከጨመርሽበት ይሞላልሻል። ስትጨርሺ ከሥራ ስትመለሺ በፋሲል ግንብ አጥር በኩል ሂጂና ቆመሽ ለራስሽ ንገሪው፤ ሰው ቢያይሽ ስልክ የምታወሪ ነው የሚመስለው።

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ። ሕጉ አጭር ነው። ከእኛ መስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ የካቲት ከጃንዋሪ በኋላ ነውና 8 ደምሪ፣ 1896። የጣሊያን ወረራ መስከረም 22 ቀን 1928 ነው፤ 7 ደምሪ፣ 1935። እነዚህን ሁለቱን በቃልሽ ያዢና ሌላውን ሁሉ በእነሱ ለኪው። ደብተርሽ ላይ ግን ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን አትጻፊ። ፈተናው የሚጠይቅሽ በፈረንጁ ስለሆነ በፈረንጁ ብቻ ጻፊ፤ የእኛውን ልብሽ ያውቀዋል።

ጃፓንን አትዝለዪ። ጓደኞችሽ ምን እንደሚወጣ ሊያውቁ አይችሉም፤ ደግሞም ከምዕራፎቹ ሁሉ ለጎንደር ልጅ እንደ ጃፓን የሚቀርብ የለም። በ1853 ኮሞዶር ፔሪ በአሜሪካ የጦር መርከቦች የጃፓንን የተዘጋ በር አንኳኳ። በዚያው ዓመት የቋራው ካሣ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አድርጎ ዘመነ መሳፍንትን ወደ ማብቂያው ገፋው፤ በ1855 ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ሁለቱም አገሮች መሳፍንት የተቀራመታቸው፣ ማዕከላዊ ንጉሥ በስም ብቻ የቀረባቸው ነበሩ። ሁለቱም የፈረንጅን ጥበብ ፈለጉ። በ1868 ጃፓን ላይ የሜጂ ለውጥ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ። እዚህም ምክንያት አትፈልጊ፤ ማወዳደር ግን ትችያለሽ። ጃፓን ባለሙያዎችን በደመወዝ ቀጠረች፣ ልጆቿን ውጭ አገር ላከች፣ መሳፍንቱን መሬታቸውን አስረክባ ጡረታ ሰጠች። ቴዎድሮስ ወዳጅነት ፈልገው በ1862 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፤ መልስ አጡ፤ የእንግሊዝን መልክተኞች አሠሩ፤ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መጣ። ልዩነቱ ከንጉሦቹ ጠባይ ነው ወይስ ከአገሮቹ አቀማመጥና ከግብሩ? ሁለቱንም ወገን የሚያነሳ አስተማሪ ታገኛለሽ፤ የእኔ ሚዛን ወደ ግብሩ ያጋድላል። ጃፓን ውስጥ ገበሬውን ቆጥሮ የሚያስከፍል ሹም ቀድሞም ነበር፤ ቴዎድሮስ ግን ለወታደራቸው ደመወዝ የሚሆን ግብር እንኳ ከጥቂት አውራጃ ውጭ ማግኘት አልቻሉም።

በ1889 የወጣው የሜጂ ሕገ መንግሥት ደግሞ የእኛን በ1931 የወጣውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ላረቀቁት ሰዎች አርአያ ሆኗቸዋል። ሁለቱ ንጉሠ ነገሥቱን የት ላይ እንዳስቀመጧቸው አስተያዪና ለልጅሽ አስረጂያት።